ስትስቂ የሚወጣው ድምፅ ስትናገሪ ለምን ይታነቃል?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የ41 ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነው። ረዘም ይል ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ዶክተር፣ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስናገር ድምፄ ይቆራረጣል። አንገቴን ይዞ የሚያንቀኝ ሰው ያለ ነው የሚመስለኝ። ስልክ ላይማ ጭራሽ አይሆንልኝም። ግን ስስቅ ደህና ነኝ፣ መዝሙር ስዘምር ደህና ነኝ፣ በሹክሹክታ ሳወራም ደህና ነኝ። ከአንገት በላይ ሐኪም በመሣሪያ አይቶ ‹ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው› ብሎ ክኒን አዘዘልኝ። ባለቤቴ ‹ስትዘምሪ ከወጣ ስትናገሪ የማይወጣው ስለማትፈልጊ ነው› ይላል። እናቴ ጸበል ወስዳኛለች። ዝንጅብልና ማሩ ሰልችቶኛል። እውነት የአእምሮ ነው? ድምፄ ጠፍቶ ይቀራል? ሥራዬንስ ልተው?»

እህቴ፣ ከባለቤትሽ ክርክር ልጀምር። ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ብዙ ሰው፣ ሐኪምም ጭምር፣ እንደሱ ነው የሚያስበው። እኔ ግን ከጻፍሽው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው እሱ ማስረጃ አድርጎ ባቀረበብሽ ነገር ላይ ነው። ድምፅሽ እየመረጠ ነው የሚያዘው። ስትናገሪ ይያዛል፣ ስትስቂ ይለቅሻል። የድምፅ አውታሩ ላይ ቁስል ወይም እብጠት ያለበት ሰው ሲናገርም ሲስቅም ሲዘምርም ያው ጎርናና ነው። እንዲህ የሚመርጥ ችግር ሲመጣ እኛ ከጉሮሮ ወጥተን ወደ አንጎል ነው የምንሄደው።

ሳላይሽ፣ ድምፅሽን ሳልሰማ በሽታሽ ይህ ነው ብዬ አልቆርጥም። የጻፍሽው ግን ስፓዝሞዲክ ዲስፎኒያ ከሚባለው ጋር በጣም ይገጥማል። አሁን አሁን የማንቁርት ዲስቶኒያ ይሉታል። ዲስቶኒያ ማለት አንጎል ለጡንቻ የሚልከው ትእዛዝ ተዛብቶ ጡንቻው ሳይፈለግ ሲኮማተር ነው። ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ መጀመር ይወዳል፣ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ከመቶ ሺህ ሰው አንድ ያህል ይይዛል ይባላል፤ እንደ አንቺ «ጭንቀት ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ የተላከው ሰው ግን እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ ካላየን የቀረው አይገባም። ማንቁርትሽ ውስጥ ሁለት ትናንሽ የድምፅ አውታሮች አሉ። ዝም ስትይ ተከፍተው አየር ያሳልፋሉ። ስትናገሪ ይገጥሙና ከሳንባ የሚመጣው አየር ያርገበግባቸዋል፤ የሴት በሴኮንድ 200 ጊዜ አካባቢ፣ የወንድ ከ100 እስከ 120። አሁን ጣትሽን ማንቁርትሽ ላይ አድርገሽ «ስስስስ» በይ። ምንም የለም። ቀጥለሽ «ዝዝዝዝ» በይ። ጣትሽ ስር ነዘረሽ አይደል? «ስ» ላይ አውታሮቹ ክፍት ናቸው፣ «ዝ» ላይ ገጥመው ይርገበገባሉ። «ጠ» እና «ቀ» ላይ ደግሞ ለቅጽበት ጥብቅ ብለው ይዘጋሉ። እንግዲህ አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ስትናገሪ ስንት ጊዜ ተከፍተው ስንት ጊዜ እንደሚዘጉ አስቢው። ይሄ ሁሉ ሳታስቢበት ነው የሚሠራው፤ ምላስ፣ ከንፈር፣ መንጋጋና ትንፋሽ ደግሞ አብረው በሰዓቱ መድረስ አለባቸው።

ትእዛዙን የሚያደርሰው ቫገስ የሚባለው፣ ከአንጎል ግንድ የሚወጣው ነርቭ ነው። ወደ ማንቁርት የሚሄደው ዋናው ቅርንጫፉ መንገዱ ይገርማል። የግራው አንገትን አልፎ ደረት ድረስ ይወርድና፣ ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ሥር ዞሮ፣ እንደገና ወደ ላይ ይመለሳል። ለዚህ ነው የሳንባ ዕጢ ሰውን መጀመሪያ በድምፅ ሊይዘው የሚችለው። እንቅርት በቀዶ ሕክምና ሲወጣም ነርቩ እዚያው አጠገብ ስላለ ሊነካ ይችላል። በአገራችን ደጋማ አካባቢ እንቅርት ብዙ ስለሆነ ድምፁ የጎረነነ ሰው ሲመጣ አንገቱ ላይ ጠባሳ ሳልፈልግ አልቀርም። አንቺም ተቀደሽ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ። ግን ነርቩ ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ ሳቅሽም አይድንም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወደዚያ ነርቭ የሚወርዱ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ጥንታዊ ነው፣ ከእንስሳት ጋር የምንጋራው። ስሜትን ከሚመራው የአንጎል ክፍል ተነስቶ በመሐለኛው አንጎል በኩል አንጎል ግንድ ይደርሳል። ሳቅ፣ ለቅሶ፣ «ውይ!»፣ ሲቃ በዚህ ይመጣሉ። ሕፃን ልጅ ተወልዶ ወዲያው የሚያለቅሰው ማንም ሳያስተምረው ነው፤ ትልቁ አንጎላቸው ሳይፈጠር የሚወለዱ ሕፃናት እንኳ ማልቀስ ይችላሉ። ሁለተኛው የሰው ልጅ መንገድ ነው። ከአንጎል ቅርፊት፣ እንቅስቃሴን ከሚያዝዘው ክፍል ላይ ማንቁርትን ከሚመራው ቦታ ተነስቶ በቀጥታ አንጎል ግንድ ላይ ካሉት የማንቁርት ነርቭ ሴሎች ጋር ይገናኛል። ንግግር በዚህ ነው የሚሄደው። በዝንጀሮ ዝርያዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ይህ የቅርፊት ክፍል በሁለቱም ወገን ሲበላሽ እንስሳው እንደ በፊቱ መጮሁን አላቆመም። ሰው ግን በሁለቱም ወገን በስትሮክ ሲመታ አስቦ ድምፅ ማውጣት ያቅተዋል፤ እንዲያም ሆኖ ቀልድ ሲሰማ በድምፅ ይስቃል፣ ሐዘን ሲመጣ ያለቅሳል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሐኪም «ከሳቅሽ መናገርም ትችያለሽ» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም።

ሁለቱም መንገዶች መጨረሻቸው አንድ ነው። ያው ነርቭ፣ ያው ጡንቻ፣ ያው አውታር። ስለዚህ ሳቅሽ ጥርት ብሎ ከወጣ ዕቃው ሰላም ነው ማለት ነው፤ የተዛባው የንግግሩ መንገድ ነው።

መዝሙሩስ? መዝሙር በስሜት ብቻ አይመጣም፣ ታስቦበት የሚዘመር ነው። እዚህ ላይ የዲስቶኒያን ባህሪ ማወቅ ይጠቅማል። ዲስቶኒያ ብዙ ጊዜ ጡንቻን ሳይሆን ሥራን ነው የሚይዘው። ብዕር ሲጨብጥ ጣቱ የሚጠማዘዝበት ጸሐፊ አለ፤ በዚያው ጣት ግን እንጀራ ይጠቀልላል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ይቆልፋል። ሙዚቀኞችም ላይ አለ፣ የሚያስቸግራቸው መሣሪያውን ሲይዙ ብቻ ነው። ዜማ ደግሞ ለአንጎል ከንግግር የተለየ ሥራ ነው፤ ድምፁ ሳይቆረጥ ይጎተታል፣ ቃናው ከፍ ይላል፣ ምቱ የታወቀ ነው። የሚንተባተብ ሰው ሲዘምር ቀጥ ብሎ የሚወጣለትም ለዚህ ነው። ሹክሹክታ ላይ ደግሞ አውታሮቹ አይርገበገቡም፣ ስለዚህ የሚይዛቸው ነገር አያገኛቸውም።

የተዛባው የቱ ጋ ነው ብትዪ፣ ቅርፊቱ ላይ አንድ ቁስል አታገኚም። ኤምአርአይ ብትነሺ ብዙውን ጊዜ ንጹህ ነው የሚወጣው፣ በዚህም እንዳትደነግጪ ወይም እንዳትናደጂ። ችግሩ ያለው በቅርፊቱ፣ በአንጎል መሐል በተቀበሩት የእንቅስቃሴ ማዕከላትና በትንሹ አንጎል መካከል ባለው መነጋገር ላይ ነው። ከማንቁርት ተመልሶ ወደ አንጎል የሚመጣው የስሜት ሕዋስ መልእክትም በትክክል አይተረጎምም። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ በዘር ይታያል። ከጉንፋን በኋላ ወይም ከባድ ጊዜ ካሳለፉ በኋላ ጀመረኝ የሚሉም አሉ።

«ጭንቀት ነው» የሚለው ነገር አዲስ አይደለም። ሉድቪግ ትራውበ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ይህን ድምፅ እ.ኤ.አ በ1871 ሲገልጸው የነርቭ መጎርነን ብሎት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ሕሙማኑ ወደ ሥነ ልቦና ሐኪም ሲላኩ ኖሩ። በ1976 ኸርበርት ዴዶ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ቀዶ ሐኪም ወደ ማንቁርት የሚሄደውን ነርቭ በአንድ ወገን ቆርጦ ድምፅ ሲከፈት አሳየ። ለብዙዎቹ እየቆየ ተመልሶ መጣባቸው እንጂ ያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር፤ ነርቭ ሲቆረጥ የሚሻለው በሽታ ምክር ብቻ አይበቃውም። በ1984 ደግሞ አንድሩ ብሊትዘር የተባለ ሐኪም ኒውዮርክ ላይ ቦቶክስ የተባለውን ጡንቻ የሚያደክም መድኃኒት ማንቁርት ውስጥ ወጋ። እስካሁን የምንሠራው በዚያ መንገድ ነው።

ጭንቀት ነገሩን ያባብሰዋል፣ ይሄ እውነት ነው። ስልክ ላይ የሚብስብሽም የሚያዩት ፊትና እጅ ስለሌለ፣ ሁሉም ነገር በድምፅሽ ላይ ስለሚወድቅና አንቺም ያንን ስለምታውቂ ነው። ግን የፓርኪንሰን ሕመምተኛ እጅም ሰው ፊት ሲሆን ይበልጥ ይንቀጠቀጣል፣ ፓርኪንሰንን ጭንቀት አመጣው የሚል ግን የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው «ምን ሆነሽ ነው?» እያለሽ ብትጨነቂ ደግሞ ምን ይገርማል!

ለፍርድ እንዳንቸኩል አንድ ነገር ልጨምር። የአውታር ችግር ሳይኖር፣ ዲስቶኒያም ሳይሆን ድምፅ የሚጠፋበት ሁኔታ አለ። ብዙ ጊዜ ከድንጋጤ ወይም ከሐዘን በኋላ በአንድ ቀን ይጠፋል፣ ሰውየው በሹክሹክታ ብቻ ያወራል፣ ሲያስልና ሲስቅ ግን ድምፅ አለው። እሱም ማስመሰል አይደለም፣ በጥሩ የድምፅ ሕክምና ቶሎ የሚመለስም ነው። መምህራን ላይ ደግሞ ሌላ በጣም የሚበዛ ነገር አለ፤ በጩኸትና በልፋት ብዛት የአንገት ጡንቻ ገትሮ የሚቀርበት። ይህ ከዲስቶኒያ ጋር በጣም ይመሳሰላል፣ ልምድ ያለውንም ያሳስታል። ስለዚህ ሳቁ ብቻውን አይፈርድም። የሚለየው ሌላ ነገር ነው፦ ድምፅሽ የትኛው ፊደል ላይ እንደሚቆረጥ።

ይህን ቤትሽ ሆነሽ መሞከር ትችያለሽ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ልስጥሽ። አንደኛው «የነገ ዝናብ ለገበሬው ነው»። እዚህ ውስጥ ያለው ፊደል ሁሉ አውታር የሚያርገበግብ ነው፣ አንድም ትንፋሽ ብቻ የሆነ የለበትም። ሁለተኛው «ካሳ ሸሽቶ ከሰሰ»። ትርጉሙን ተዪው፣ ተነባቢዎቹ ሁሉ በትንፋሽ የሚወጡ ስለሆኑ ነው። የመጀመሪያው ላይ ድምፅሽ እየታነቀ፣ እየተቆረጠ፣ ሁለተኛው ላይ ግን ቀለል ካለሽ አውታሮቹ አለቅጥ የሚገጥሙበት ዓይነት ነው፤ አብዛኛው ታካሚ ይህ ነው ያለው፣ «የሚያንቀኝ አለ» ያልሽውም ወደዚህ ይወስደኛል። ተቃራኒው ከሆነ፣ «ካሳ» ላይ ድምፁ በትንፋሽ ተውጦ ከጠፋ፣ አውታሮቹ ሳይፈለግ የሚከፈቱበት ዓይነት ነው። ሁለቱም ላይ እኩል ከለፋሽ፣ ጠዋት ቀለል ብሎ ማታ ከባሰብሽ፣ ወደ ጡንቻ መገተሩ አደላለሁ። «አ» ብለሽ ስትጎትቺው በእኩል ምት ከተወዛወዘ ደግሞ የድምፅ መንቀጥቀጥ ነው፤ የዚያን ጊዜ እጅሽንም ዘርግተሽ እዪው።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በስልክሽ ቅጂ። እንደምትናገሪው፣ ቀጥሎ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ቀጭን የልጅ ድምፅ አድርገሽ፣ መጨረሻ ላይ በምታውቂው መዝሙር ዜማ። ቅጂውን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሐኪም ፊት ድምፅ ደህና ሆኖ የሚያሳፍርበት ቀን ስላለ ቅጂው ይመሰክርልሻል።

የቀድሞው ሐኪም ምንም አላየሁም ማለቱ አይግረምሽ። ምላስ ተይዞ በአፍ በኩል በሚገባው መሣሪያ ሲታይ ማለት የምትችዪው «ኢ» ብቻ ነው። የአንቺ ችግር ደግሞ ንግግር ሲጀመር ነው የሚመጣው። አሁን ስትሄጂ በአፍንጫ በኩል በሚገባው ቀጭን ተጣጣፊ ካሜራ እንዲያዩሽና እነዚያን ዓረፍተ ነገሮች እያልሽ እንዲመለከቱ በትሕትና ጠይቂ። አውታሮቹ «የነገ ዝናብ» ላይ በድንገት ግጥም ሲሉ በዓይን ይታያል። የነርቭ ሐኪምም ይይሽ፤ ሌላ ቦታ ዲስቶኒያ መኖሩን፣ መንቀጥቀጥ መኖሩን፣ የምትወስጂው መድኃኒት ይህን የሚያመጣ መሆኑን ይፈትሻል። ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡ መድኃኒቶች ዲስቶኒያ የሚያመጡ አሉ። የጭንቀቱን ክኒን ግን በራስሽ ፈቃድ ድንገት እንዳታቋርጪ፣ ያዘዘልሽን ጠይቂ።

ሕክምናው ምንድን ነው ካልሽ፣ መጀመሪያ የድምፅ ሕክምና ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ነው፣ ካገኘሽ ግን ለተወሰኑ ሳምንታት በቁም ነገር ሞክሪው። በደንብ ከተሻለሽ ምናልባት ነገሩ ከመጀመሪያውም የጡንቻ መገተር ነበር። ዲስቶኒያ ከሆነ ብቻውን አያድነውም፤ ሆኖም ድምፅሽን ለማውጣት ስትታገዪ የጨመርሽውን ልፋት ይቀንስልሻል።

ቀጥሎ ቦቶክስ። ፊት ማሳመሪያ ነው ብሎ የሚስቅ አይጠፋም፣ ተይው። የሚሠራው ነርቩ ለጡንቻው የሚለቀውን ኬሚካል በማገድ ነው፣ ጡንቻው ትንሽ ይደክማል፣ ያን ያህል አጥብቆ አይዘጋም። ለግንባር ከሚወጋው በጣም ያነሰ መጠን ነው። በአንገት ፊት ለፊት በቀጭን መርፌ ይገባል፣ ጫፉ ትክክለኛው ጡንቻ ላይ መድረሱ በጡንቻው የኤሌክትሪክ ምልክት ይታወቃል። በሁለት በሦስት ቀን መሥራት ይጀምራል። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሳምንት ድምፅሽ ይሳሳል፣ ትንፋሽ ይበዛበታል፣ ውሃ ስትጠጪ ትን ሊልሽ ይችላል፤ በትንሽ በትንሹ ጠጪ። ከዚያ ጥሩው ጊዜ ይመጣል። ሦስት አራት ወር አካባቢ ሲሆን ያልቅና እንደገና ይወጋል። አንጎሉን አያስተካክልም፣ ይህን አስቀድመሽ ማወቅ አለብሽ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ተናገሪ። ደግሞም ፊት የሚወጋ ሁሉ ማንቁርት አይወጋም፤ «ማንቁርት ላይ ወግተህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

መርፌው ያልበቃቸው ቀዶ ሕክምና አላቸው። የአሜሪካው የጤና ሚኒስትር ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ሲናገር ሰምተሽ ከሆነ ያ የታነቀ ድምፅ ይኸው በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ በ2022 ጃፓን፣ ኪዮቶ ሄዶ በአውታሮቹ መካከል ክፍተት እንዲኖር የሚያደርግ የቲታኒየም ማገሪያ አስገብቷል። ድምፁ ዛሬም ይታነቃል፣ ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ሁሉን ይፈታል ብለሽ አትጠብቂ። ለአንቺ ከዚህ በፊት ብዙ የሚሞከር ነገር አለ።

አንድ ሁለት ሲጠጡ ድምፃቸው ይከፈታል የሚሉም አሉ። ውሸት አይደለም፣ አልኮል አንዳንድ የዲስቶኒያ ሕሙማንን ለጥቂት ሰዓት ያላላቸዋል። ጠጅና አረቄ መድኃኒት ነው ብሎ የሚመክርሽ ዘመድ ግን አይጠፋምና አትስሚው፤ በዚህ በኩል የገባ ሰው ሁለተኛ በሽታ ይዞ ነው የሚወጣው። ጸበሉን እናትሽን ደስ የሚላት ከሆነ አትተዪ። ዝንጅብሉም አይጎዳሽም፣ ግን የሚወርደው በምግብ ቧንቧ ነው፣ አውታሩን እንኳ አይነካውም።

ድምፄ ጠፍቶ ይቀራል ወይ ብለሽኛል። ብዙዎቹ ላይ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ዓመት እየባሰ ይሄድና እዚያው ይረጋል። ሦስት ዓመት ስለሆነሽ የከፋውን ያየሽው ይመስለኛል። ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው፣ ግን አይገድልም፣ አስተሳሰብም አይነካም። ሥራን በተመለከተ ዳያን ሬም የምትባል አሜሪካዊት የሬዲዮ አዘጋጅ አለች። ይህ በሽታ እንደያዛት እ.ኤ.አ በ1998 ታወቀ። መርፌውን እየወሰደች ዕለታዊ ፕሮግራሟን እስከ እ.ኤ.አ 2016 መጨረሻ አቀረበች። ሬዲዮ ላይ ነው እንግዲህ፣ ድምፅ ብቻ ባለበት!

ስለዚህ ማመልከቻውን አትጻፊ። ርእሰ መምህሩን አነስተኛ ማይክና የምትሸከሚው ድምፅ ማጉያ ጠይቂ፤ በገዛ ገንዘብሽም ቢሆን ውድ አይደለም። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ከጩኸት ጋር አትፎካከሪ፣ አጨብጭበሽ ዝም አሰኚያቸው። ትንንሾቹን ዜማ ባለው ነገር አስተምሪያቸው፣ ፊደልም ማባዣም በዜማ ይሄዳል፣ ለአንቺም ይቀልሻል። ልጆቹን «ድምፄን የሚያዝዘው ነርቭ ያስቸግረኛል፣ አያመኝም፣ አይተላለፍም» በያቸውና ጨርሺ። ባለቤትሽ ደግሞ ሐኪም ጋ አብሮሽ ይግባ። ካሜራው ገብቶ «የነገ ዝናብ» ስትዪ አውታሮቹ ሲይዙ፣ ስትስቂ ሲለቁ እሱም ስክሪኑ ላይ ይየው።

መዋጥ ካስቸገረሽ፣ ክብደትሽ ያለምክንያት ከቀነሰ፣ ደም ካሳለሽ፣ ስትተነፍሺ ሲጥ የሚል ድምፅ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ፤ ያ ሌላ ነገር ነው። አፍ ወይም ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ቃል በድንገት ከተኮላተፈ ወይም ከጠፋ ደግሞ ስትሮክ ስለሚሆን ድንገተኛ ክፍል ነው፣ በዚያው ሰዓት።